ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኮንኪ

አራት ኪሎ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሰነድ ስተረጉም የምውለው ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ማሽኑ በየጊዜው ምን ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ የዴስክቶፑን የቀኝ ጠርዝ ኮንኪ ለሚባለው የሲስተም መከታተያ ከሰጠሁት ዓመታት ተቆጥረዋል። ኮንኪ እንደ ሌሎች ፕሮግራሞች ከፍተን አይተን የምንዘጋው አይደለም። ከዴስክቶፑ ምስል ጋር የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ከበስተጀርባ ተቀምጦ የፕሮሰሰሩን ጫና፣ የሜሞሪውን ይዞታ፣ የባትሪውን መጠንና የዋይፋዩን ፍጥነት በየጥቂት ሰከንዱ እያደሰ ያሳያል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምጠቀመው ከሌላ ሰው የወሰድኩትን ናሙና ነበር። ባለፉት ሳምንታት ግን ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ከመሠረቱ በራሴ መንገድ ሠራሁት፤ በተለይ ሰዓቱና ቀኑ ላይ የደረስኩበት ነገር በአማርኛ ተጽፎ ቢቀመጥ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ኮንኪ ቶርስሞ ከሚባል ቀደም ያለ ፕሮግራም ተቀድቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው። መልኩን የሚወስነው አንድ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን ፋይሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል መስኮቱ የት ይቀመጥ፣ ፎንቱ ምን ይሁን፣ በስንት ሰከንድ ይታደስ የሚለውን ይይዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ራሱን ይይዛል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 1.10 ጀምሮ ይህ ፋይል የሚጻፈው ሉዋ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ናሙና ወስዶ እንዳለ የሚለጥፍ ሰው ስሕተት ቢያይ ሊደነቅ አይገባም፤ የቀድሞው አጻጻፍ ወደ አዲሱ መለወጥ አለበት። ደስ የሚለው፣ ፋይሉን ባስቀመጥን ቁጥር ኮንኪ ለውጡን ራሱ አይቶ እንደገና ስለሚያነበው አንድ ቁጥር ለውጦ ውጤቱን ወዲያው ማየት ይቻላል።

ኮንኪ መረጃውን የሚያገኘው የሲስተሙ እምብርት ከሆነው ከከርነሉ ነው። ሊኑክስ ውስጥ ፕሮክ የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ያሉት ፋይሎች ዲስክ ላይ የተጻፉ አይደሉም፣ ስናነባቸው ከርነሉ በዚያው ቅጽበት የሚያዘጋጃቸው ናቸው። የፕሮሰሰሩ ጫና የሚገኝበት ፋይል ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ በሥራና በዕረፍት ያለፈውን ጊዜ እየደመረ ብቻ ይሄዳል፤ ኮንኪ ሁለት ጊዜ አንብቦ ልዩነቱን በማስላት ነው መቶኛውን የሚያወጣው። የማደሻው ጊዜ በጣም ሲያጥር ቁጥሩ የሚዘልለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በ2 ሰከንድ ላይ ረግቻለሁ።

ናሙናውን እንድተወው ያደረገኝ ግን ፕሮሰሰሩ አልነበረም። ቢሮውን የምጋራቸው አንድ አዛውንት ተርጓሚ አሉ፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። አንድ ቀን ጠዋት መዝገበ ቃላት ሊዋሱ መጥተው ከኋላዬ ቆሙና በትልቁ 08:30 የሚለውን አዩ።

«ልጄ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል የሚልህ የማን ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ጋሼ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው።»

«አንተ ለባለጉዳይ ስትቀጥር በየትኛው ነው የምትቀጥረው?»

የምቀጥረው በእኛ ነው። ለሰነድ ርክክብ ቀን የምንቆርጠው፣ ችሎት የሚቀጠረው፣ ባለጉዳይ «ነገ አራት ሰዓት እመጣለሁ» የሚለው ሁሉ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ነው። ስክሪኔ ላይ ቀኑን ሙሉ የማየው ሰዓት ግን በየጊዜው ስድስት ቀንሼ የምረዳው ነበር። እጄ ስለለመደው ልብ አላልኩትም እንጂ በቀን ውስጥ ሃምሳ ጊዜ የማደርገው ስሌት ነው።

መፍትሔው ካሰብኩት በላይ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ኮንኪ የሌላ አገር ሰዓት የሚያሳይ ቲዜድታይም የሚባል ትእዛዝ አለው፤ የሰዓት ክልሉን ስምና የአጻጻፉን ቅርጽ ብቻ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከግሪኒች 3 ሰዓት ትቀድማለች። ከአዲስ አበባ የፈረንጆቹ ሰዓት ላይ 6 ሲቀነስ ከግሪኒች 3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ክልል ይሆናል። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ «ከግሪኒች በ3 ሰዓት የዘገየውን አገር ሰዓት በአሥራ ሁለት አቆጣጠር አሳየኝ» ብንለው የሚጽፈው የእኛን ሰዓት ነው፤ ማለዳ ላይ አዲስ አበባ በፈረንጆቹ 7 ሲሆን ግሪኒች 4 ነው፣ በዚያ ክልል ደግሞ 1 ሰዓት። ምንም ዓይነት ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ምሽት የወሰደብኝ እንቅፋት አለ። ክልሉ የሚጠራው ኢቲሲ ከሚለው ቀጥሎ ጂኤምቲ ተብሎ ከምልክትና ከቁጥር ጋር ነው፤ እኔም የዘገየ ስለሆነ ጂኤምቲ-3 ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ያው የፈረንጆቹ ሰዓት ወጣ። ፋይሉን ደጋግሜ አየሁት፣ ኮንኪን ዘግቼ ከፈትኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ በእነዚህ የኢቲሲ ስሞች ውስጥ ምልክቶቹ የተገለበጡ ናቸው። የቆየው የዩኒክስ ልማድ ከግሪኒች በስተምዕራብ ያለውን በመደመር፣ በስተምሥራቅ ያለውን በመቀነስ ስለሚጽፍ ጂኤምቲ-3 ማለት ራሷ አዲስ አበባ ናት። ጂኤምቲ+3 ብዬ ስለውጠው 8:30 የነበረው 2:30 ሆነ። የሰዓቱን ቅርጽ በትልቁ የእንግሊዝኛ «አይ» ከጻፍነው 02:30 ብሎ ዜሮ ይጨምራል፤ በትንሹ «ኤል» ሲጻፍ ዜሮው ይቀርና በእኛ አጻጻፍ ይሆናል።

ከዚህ ክልል ጋር ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ፈረንጆቹ ቀንና ሌሊቱን የሚለዩበት ኤኤምና ፒኤም በዚህ ክልል ሲሰላ ኤኤም በትክክል ከንጋት 12 እስከ ምሽት 12 ያለውን፣ ፒኤም ደግሞ ሌሊቱን ይይዛል፤ እኛ ቀንና ሌሊት ብለን የምንከፍለውን ያህል ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልረካሁም፤ ምክንያቱም አማርኛ ለሰዓት ከሁለት በላይ ስም አለው። ትንሽ የሉዋ ተግባር ጽፌ ከንጋቱ 11፣ ከጠዋቱ 2፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 1፣ ከሌሊቱ 7 እያለ እንዲጽፍ አደረግኩት። የት ላይ ረፋድ ይጀምራል በሚለው ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ፤ እኔ ከ4 ሰዓት ጀምሬዋለሁ።

ቀኑ መቼ ይለወጣል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይጠልቃል። በጂኤምቲ+3 ክልል እኩለ ሌሊት የሚሆነው አዲስ አበባ ላይ ሲነጋ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ቀን ስም ከዚሁ ክልል ካነበብን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገና ሰኞ ይላል፤ የስልኬ ካሌንደር ግን ከሁለት ሰዓት በፊት ማክሰኞ ብሏል። የትኛው ልክ ነው? ሁለቱም አንድ አንድ ነገር ይዘዋል፤ ቋንቋችን ግን ጥያቄውን ከፈታው ቆይቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሆነን ነገር ስንናገር «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» እንላለን። ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ የሚሰማው ሰው ምንም አይምታታበትም። በትርጉም ሥራዬ ይህ አነጋገር በተለይ በፖሊስ ምስክርነት ቃል ውስጥ ይገጥመኛል፤ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ስለዚህ ማሳያው ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ባለው ጊዜ ሁለቱን ቀናት «ለ» እና «አጥቢያ» አስገብቶ እንዲጽፍ፣ ሲነጋ ደግሞ ወደ አንዱ ቀን ስም እንዲመለስ አደረግኩት። አምሽቼ ስሠራ ያን መስመር ሳይ ልቤ ደስ ይለዋል፤ እስካሁን በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አይቼው አላውቅም።

የቀን ቁጥሩ ግን ስሌት ይፈልጋል። ሲስተሙን ወደ አማርኛ ብናዞረው የሳምንቱ ቀናት በአማርኛ ይወጣሉ፣ ወሮቹ ግን የፈረንጆቹ ወሮች በእኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ መስከረምና ጥቅምት የሉበትም። ስሌቱን ሉዋ ውስጥ መሥራት የተሻለ መስሎ ታየኝ። ኮምፒውተሩ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። ሰከንዱን ለ86400 ስናካፍል ቀናትን እናገኛለን። በዚህ ላይ 716732 ስንደምር ቆጠራው በዘመን አቆጣጠራችን ከዜሮ ዓመት መስከረም 1 የተነሣ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የባሕረ ሐሳብ ሰው የሚያውቀው የአራት ዓመት ዙር ነው፦ ሦስት ዓመት ባለ 365፣ አንድ ዓመት ባለ 366፣ በድምሩ 1461 ቀን። ለ1461 አካፍለን የደረሰው ያለፉትን ዙሮች ይሰጠናል፣ የቀረውን ለ365 ስናካፍል ደግሞ በዙሩ ውስጥ ያለውን ዓመት እናገኛለን፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ ባለ 30 በመሆናቸው ወሩንና ቀኑን ለማግኘት ቀሪውን ለ30 ማካፈል ብቻ ነው። የፈረንጆቹን ወሮች 31 ነው 28 ነው እያለ በሠንጠረዥ መያዝ ያለበትን ስሌት ካየሁ በኋላ የእኛ እንዴት ንጹሕ እንደሆነ ያየሁት በዚህ ሥራ ነው። ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዙሩ የመጨረሻ ቀን የሆነችው ጳጉሜን 6። እሷን ለብቻ ካላየናት ማሽኑ የአዲስ ዓመት መስከረም 1 ያደርጋታል።

ቀኑ ሲነጋ እንዲለወጥ ስለፈለግኩ ከማካፈሌ በፊት ከሰከንዱ ላይ 10800፣ ማለትም 3 ሰዓት እቀንሳለሁ። ቀኑ በእኩለ ሌሊት እንዲለወጥለት የሚመርጥ ሰው በዚያው ቦታ 10800 ይደምር። ደግሞም ሲካፈል ወደ ታች መጠጋጋት ግዴታ ነው። መጀመሪያ ይህን ረስቼ ቀኑ ከነነጥቡና ከነረጅም ቁጥሩ ስክሪኑን ሞልቶት ነበር።

ስሌቱን የፈተንኩት በማውቃቸው ቀኖች ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ሲሰጠው መስከረም 1 ቀን 2000 አለኝ፤ ከውስጥ ስመለከተው ደግሞ 730500 ቀን ሆኖ ለ1461 ሲካፈል ያለ ምንም ቀሪ 500 ዙር ወጣ። ሚሌኒየሙን ስናከብር 500 ሙሉ ዙር መዝጋታችን ያኔ አልታየኝም ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ የቢሮዬ መስኮት የሚያሳየኝን የድል ሐውልት ቀን ሞከርኩ። ሜይ 5 ቀን 1941 ከ1970 በፊት ስለሆነ የቀን ቁጥሩ ከዜሮ በታች፣ ማለትም -10468 ይሆናል፤ ብዙ ስሌቶች የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። ማሳያው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብሎ ጻፈ። ከወንበሬ ተነሥቼ ሐውልቱን በመስኮት አየሁት።

ፊደሉ ራሱ ያስቸገረኝ አሰላለፍ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ካልተጫነ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል፤ እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው የምጠቀመው፣ አቢሲኒካም ለርዕስ ያምራል። ናሙናዎቹ ግን ቁጥሮቹን በአንድ ዓምድ የሚያሰልፉት በክፍት ቦታ ነው፤ ይህ የሚሠራው ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ባለው ፎንት ብቻ ነው። የእኛ «ሠ» እና «ነ» እኩል ቦታ አይወስዱም፤ ስለዚህ «ሜሞሪ» እና «ፕሮሰሰር» ከሚሉት ቃላት በኋላ ያሉት ቁጥሮች ተዘበራርቀው ይወጣሉ። ክፍት ቦታውን ሁሉ አጥፍቼ ቁጥሩ በፒክሰል የሚጀምርበትን ቦታ የሚወስነውን ጎቱ የሚባለውን ትእዛዝ፣ ወደ ቀኝ ለሚጠጋው ደግሞ አላይንአርን ተጠቀምኩ።

ሌላው በራሴ መንገድ የለወጥኩት የባትሪውን ክፍል ነው። ናሙናው «ቻርጅ እየተደረገ ነው» እና «እየተደረገ አይደለም» የሚል ነበር። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን መብራት መኖሩን ነው፤ ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ስለሚውል ስክሪኑ በመብራት መሄድ አይለወጥም፣ ብዙ ጊዜም ነገሩን የማውቀው ዋይፋዩ ሲቋረጥ ነበር። አሁን አዳፕተሩ ኃይል ሲያጣ «መብራት ሄዷል» የሚል መስመር በቀይ ይወጣል፤ ከሥሩ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚያቆየኝ ይታያል። ኮንኪ በባትሪ ላይ ሲሆን ለብቻው የሚሠራበት የማደሻ ጊዜም ስላለው እሱን 10 ሰከንድ አድርጌዋለሁ። መብራት ሲመጣ መስመሩ ራሱ ይጠፋል።

ስለ ዋይፋዩ የምለው አጭር ነው። ናሙናዎች ውስጥ ኢቲኤች0 የሚል የኔትወርክ ካርድ ስም ካለ ፍጥነቱ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል፤ የራሳችንን ካርድ ስም ከተርሚናል አይተን መተካት አለብን። ኮንኪ የሚያሳየው ጠቅላላ ዳታም ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለውን ነው፤ የወር ጥቅል የሚገዛ ሰው ከፈለገው የሚለይ ስለሆነ ወርሃዊውን መዝግቦ ከሚይዘው ቪኤንስታት አነብባለሁ። እንዲህ ያለ የውጭ ትእዛዝ በየ2 ሰከንዱ እንዲሮጥ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ራሱ መከታተያው ሸክም ይሆናል። ጊዜ የሚወሰንለትን ኤግዜክአይ የሚባለውን ተጠቅሜ በ10 ደቂቃ አንድ ጊዜ አደረግኩት። ሜሞሪውን በሚመለከት፣ ሊኑክስ ትርፍ ሜሞሪን ለፋይል ማቆያ ስለሚጠቀምበት የተያዘው ሁሉ ያለቀ አይደለም፤ ቁጥሩ ማቆያው ተቀንሶ መታየት አለበት።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኮንኪ ከዴስክቶፑ ምስል ቀድሞ ከተከፈተ ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ሲጀምር 10 ሰከንድ እንዲቆይ ማዘዝ ለእኔ በቂ ሆኗል። ምስሉ ብልጭ ድርግም ሲልባችሁ ደግሞ ደብል በፈር የሚባለውን ማብራት ነው።

ሥራውን ጨርሻለሁ ብዬ ለጋሼ አሳየኋቸው። ሰዓቱን አነበቡ፣ ቀኑን አነበቡ፣ ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ዘመኑንስ አይጽፍም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ቀሪ ሳይኖር ዮሐንስ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ። ጳጉሜን 6 ላለችበት ዓመት መሥራቱን እንዲያዩ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027ን ሰጠሁት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019፣ ዘመነ ሉቃስ አለ። አንድ ቀን ጨመርኩለት። መስከረም 1 ቀን 2020፣ ዘመነ ዮሐንስ። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የተወለዱበትን ቀን ነገሩኝ፤ በምን ቀን እንደዋለ እንዲያይላቸው።